የነጭ ጤፌ ተራ

በደል ተፈጽሞብኛል፤ ይጻፍልኝ። የከሚሴው ባለ ወፍጮ ሙሴ ያኒ፣ የግሪክ ሰው፣ ልጄን ሰዓዳን በዳርሁበት ሳምንት፣ ነጭ ጤፌን ይዤ ከሁሉ ቀድሜ ብደርስ ከሁሉ ኋላ ፈጭቶልኛል። ተሳስቶ አይደለም። ዓይን ዓይኔን እያየ፣ በገዛ እጁ፣ ጆንያዬን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሶታል። ይህን ለሽማግሎች ተናግሬያለሁ፤ ለቀበሌ ተናግሬያለሁ፤ አህያዬ እንኳ ታውቃለች። የቀረኝ ወረቀት ብቻ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ልጅ አዝዬ ነው፤ ስለዚህ መስመሬ እንደ ሰካራም እርሻ ቢጣመም አትፍረዱብኝ። ነገሬ ቀጥ ያለ ነው።

ሰውን ከመክሰስ በፊት ማንነቱን መናገር ደግ ነው።

ሙሴ ያኒ ከሚሴ ልኑር ብሎ አልመጣም፤ ከሚሴ ላይ ተበላሸ። በጃንሆይ ጊዜ ከአሰብ አዲስ አበባ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ከተማችን መግቢያ ላይ ካምቢዮው ተሰበረና ቆመ። «መለዋወጫው በሁለት ሳምንት ይደርሳል» አሉት። ሁለት ሳምንት የሚባል ነገር እኛ አገር እንደ ላስቲክ ነው፤ ስድስት ወር ተሳበ። እስከዚያው አንዱ እርጎ፣ አንዱ ቂጣ ይዞለት ሲመጣ፣ ሙሴን ዝም ብሎ መብላቱ አሳፈረው። ሞተሩ ደህና ነበርና ፈትቶ አወረደው፤ ከሁለት የወፍጮ ድንጋይ ጋር አጋባው። መለዋወጫው ሲደርስ መኪና የሚባል ነገር የለም። ሞተሩ ማሽላ ይፈጫል፤ ጎማው የግማሹ ከተማ በረባሶ ሆኗል፤ ጋቢናው ውስጥ ዶሮ ታቅፋለች። ሙሴም አዲሱን የካምቢዮ ማርሽ በቅባት ጨርቅ እንደተጠቀለለ የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። «አገርህ መቼ ትገባለህ?» ሲሉት ወደ ግድግዳው ያይና «መለዋወጫው መጥቷል እኮ፤ መኪናው ነው የቀረው» ይላል። እንዲህ እያለ አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው።

ኦሮምኛና አማርኛን እንደ እኛው በአንድ አፍ ያቦካቸዋል። ከሁሉ የሚወዳት ቃል «ኦብሲ» ናት፤ ታገሺ ማለቱ ነው። ያስቸኮለውን ሰው «ኦብሲ» ይላል። አልነሳ ያለውን ሞተር «ኦብሲ» ይላል። ደርግ ቤቱን የወረሰበት ቀንም «ኦብሲ» ብሏል አሉ፤ ለደርግ ይበለው ለራሱ ግን የሚያውቅ የለም።

ክረምት ላይ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ የጨፋን ሜዳ ሲያለብሰው፣ ሙሴ በርጩማውን ተሸክሞ ከፍታው ላይ ይወጣና ሲያይ ይውላል። አንድ ቀን ላም ጠፍታብኝ ስፈልግ እዚያ አገኘሁት።

«ምን ታያለህ?»

«ባሕሬን።»

«ሙሴ፣ ይሄ ረግረግ ነው። መስከረም ሲጠባ ከብት ይግጥበታል።»

«አውቃለሁ። ግን ዓይኔን ትንሽ ካጠበብሁት ትመጣለች» አለኝ።

እኔም አጠገቡ ቆሜ ዓይኔን አጠበብሁ። የመጣችልኝ ላሜ ናት፤ ውሃው ዳር ቆማ ኖሯል።

እንግዲህ ሰውየው ይህ ነው። ክፉ ሰው ነው አላልሁም። በደለኛ ነው ነው ያልሁት፤ ሁለቱ ይለያያሉ።

ወፍጮ ቤቱ ሕግ ነበረው። ነጭ ጤፍ ይቀድማል፤ ከዚያ ስንዴና በቆሎ፤ ከዚያ ቀይ ማሽላ፤ በርበሬ የሁሉ መጨረሻ። ከፊትሽ የተፈጨው እህል ድንጋዩ ላይ ትንሽ ይቀርና ካንቺ ዱቄት ጋር ይወጣል። በቀይ ማሽላ ውስጥ ነጭ ቢገባ ማንም አይከፋውም፤ በነጭ ጤፍ ውስጥ ቀይ ቢገባ ግን ጉድ ነው። መልካም ሕግ ነው ትሉ ይሆናል። ነጭ ጤፍ ያለው ማነው? ሹም አለው፤ ነጋዴ አለው። ባሌ ሞቶብኝ አንዲት ልጅ ይዤ የቀረሁ እኔ ያለኝ ቀይ ማሽላ ነው። ጎህ ሲቀድ ሄጄ ጆንያዬን ከፊት አቆማለሁ፤ የሹም ሚስት ወይዘሮ አስካለ ቁርሷን በልታ፣ ቅባቷን ተቀብታ፣ ነጭ ጤፏን አስይዛ ትመጣና ትቀድመኛለች።

«ወረፋ የያዝሁት እኔ ነኝ ወይስ የእህሌ ቀለም?» ብዬ እጮሃለሁ።

«ኦብሲ፣ የሰዓዳ እናት» ይለኛል።

አንድ ቀን ብልጠት አማረኝ። ሦስት ጣሳ ነጭ ጤፍ ከጎረቤት ለመንሁና ቀይ ማሽላዬን ከላይ አለበስሁት። ጆንያዬን ከአስካለ ጆንያ ፊት ገትሬ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምሁ። ሙሴ የጆንያውን አፍ ፈታ፤ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ክንዱን እስከ ብብቱ ሰደደው። ሲያወጣው መዳፉ ቀይ ነው።

«የሰዓዳ እናት» አለ፣ ሴቱ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ይቺ ጤፍ ከላይ ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ ሱሪዋ ግን ቀይ ነው።»

ሴቱ መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔ ጤፉን ከማሽላው በወንፊት ስለይ ዋልሁ።

የሳቁብኝ ቀን ነው ክስ የመሠረትሁት። ሙሴ ግሪክ ይሁን እንጂ የቅሬያችን አባል ነው። ቅሬ እስላም ክርስቲያኑ ተባብሮ ሬሳ የሚቀብርበት ማኅበራችን ነው፤ ሰው ሲሞት ዶማ ይዞ ቀድሞ የሚደርሰው ሙሴ ነበር። ስለዚህ ቅሬው ፊት አቆምሁት። ዳኛው ሸህ ይማም ናቸው።

«ሙሴ፣ ምን ትላለህ?» አሉት።

«ኦብሲ።»

«ለዳኛ ኦብሲ አይባልም!» አልሁ እኔ።

የሽማግሎቹ ሚስቶች ብዙዎቹ እንደኔው ቀይ ማሽላ ተሸካሚዎች ናቸው፤ ሽማግሎቹም ማታ ቤታቸው የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ፈረዱልኝ። ከነገ ጀምሮ ቀለም ሳይለይ፣ መጀመሪያ የመጣች መጀመሪያ ታስፈጭ ተባለ።

በማግስቱ ድሌን ልበላ ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። ስደርስ አንዲት የጨፋ ሮቢት ሴት ቀድማኝ ተቀምጣለች። ሁለት ጆንያ ይዛለች። በርበሬ ነው። ሙሴ በርበሬውን አየ፤ እኔን አየ።

«ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ኧረ ምን ይጠየቃል!» አለች ሴትዮዋ። «ተራ ተራ ነው! ትናንት ተፈርዷል አሉ፤ ያስፈረደችውን ሴትዮ አላህ ዕድሜ ይስጣት።»

የገዛ ቃሌ ዞሮ ያዘኝ። «ሕግ ሕግ ነው» አልሁ። በርበሬው ተፈጨ። ቀጥሎ የኔ ማሽላ። ቀጥሎ የከተማው እህል በሙሉ።

ወላሂ፣ ያን ቀን ከሚሴ ከዳር እስከ ዳር አነጠሰች። አንዲት አራስ ገንፎዋን ቀምሳ ምጧ የተመለሰ ይመስል ጮኸች። ልቅሶ ቤት ያልታሰበ እንባ ፈሰሰ፤ ሟቹ ያን ያህል የተወደደ ሰው አልነበረም። ከሰንበቴ ገበያ የተመለሱ ከብት ነጋዴዎች ቂጣ ገምጠው ከበሬዎቻቸው እኩል ገንዳው ላይ አጎነበሱ። ሸህ ይማም ዓይናቸው ቀልቶ ደጄ መጡ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ፍትሕሽ አቃጠለን!»

«ሸህ ይማም፣ ፍትሕ ድሮም ያቃጥላል።»

«በዳዩን ነዋ! ቂጣ በዪውን አይደለም!»

የድሮው ሕግ ተመለሰ። እኔም ወደ ኋላዬ ተመለስሁ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ለሙሴ ይቅር ብየዋለሁ። የማላልፈው ቀጥሎ ያለውን ነው።

ሰዓዳን የባቲ ሰዎች ጠየቁኝ። አንድ ልጄ ናት። የባቲ ሰው ዓይኑ እንደ ገበያው ሰፊ ነው፤ «መበለቷ ልጇን በማሽላ ቂጣ ዳረች» እንዳይሉን ፈራሁ። ልጄ በሰው አገር በእንጀራዋ ቀለም አንገቷን እንድትደፋ አልፈልግም። ፍየሎቼን ሸጬ ማኛ ጤፍ ገዛሁ። አበጠርሁት፤ ነፋሁት፤ መልሼ አበጠርሁት። ወፍጮ ቤቱ በዋዜማው ተዘግቶ ውሎ ነበር፤ ለምን ብዬም አልጠየቅሁ። ሐሳቤ ሁሉ ከፊት መቆም ነው።

ሲነጋ ደረስሁ። አንደኛ ነኝ፤ ነጭ ይዣለሁ! ተራውም ሕጉም በኔ በኩል የቆሙበት ቀን ከዚያ በፊት አልነበረም። ጆንያዬን እንደ ሙሽራ ነጠላ አልብሼዋለሁ። ሙሴ መጣ፤ ነጠላውን ገለጠ፤ እስከ ብብቱ ገባበት፤ ያወጣው መዳፍ ነጭ ነው። ጤፉን አሸተተው።

«ለሰዓዳ ነው?»

«ለሰዓዳ ነው።»

ጆንያዬን አቅፎ አነሳና ከሁሉ ኋላ አስቀመጠው።

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀም። አስካለ ለልጇ ክርስትና ጤፍ ይዛ መጣች፤ ተቀብሎ ፈጨላት። ጆንያዬን ጎትቼ ወደ ፊት አመጣሁ፤ መለሰው። ሌላዋ መጣች፤ ፈጨላት። ጎተትሁ፤ መለሰው።

«ሙሴ፣ ምን አድርጌህ ነው?»

«ኦብሲ፣ የሰዓዳ እናት።»

«የሰርግ ዱቄት ነው! ሴቶች ሊያቦኩልኝ ቡሃቃ ይዘው ቤቴ ተቀምጠዋል!»

«ኦብሲ።»

አስካለ ዱቄቷን አሸክማ ስትወጣ ቀና ብላ አየችኝ። የዚያችን አስተያየት መልክ እስከ ዛሬ መሳል እችላለሁ። የአስር አዛን ሲሰማ፣ ሰው ሁሉ ሲያልቅ፣ ፈጨልኝ። ሐቅ ይነገር፤ ዱቄቱ እንደ ጥጥ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ግን ዞሬ «ጥርስህን ያርግፈው!» አልሁት።

ሰርጉ አማረ። የባቲ ሰዎች እንጀራውን አገላብጠው አይተው ዝም አሉ፤ የባቲ ሰው ዝም ካለ ወዷል ማለት ነው። በሳምንቱ አስካለ ለክርስትናው ጠራችን። ለኛ ለሙስሊሞቹ የተለየ ድስት ወጥቶልን ተቀምጠናል። ወጡ ደህና ነው። እንጀራው ግን ከጥርስ ጋር ይጣላል፤ እንግዳው ሁሉ ቀርጨም፣ ቀርጨም፣ እንደ ፍየል። «የተራዬ ግፍ ነው» ብዬ በልቤ፣ ደስ እያለኝ አኘክሁ።

ሙሴም በዚያው ሰሞን የፊት ጥርሱ አንዱ ወልቆ ታየ። ከዚያ ወዲያ «ኦብሲ» ሲል ፉጨት አብራ ትወጣለች። ያረቢ! እርግማኔ እንዲህ ፈጣን መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁለት ቀን ራሴን ፈራሁት። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤቴ እንቁላል ይዛ መጣችና ባሏን ትንሽ፣ ብዙ ሳይሆን ትንሽ፣ እንድረግምላት ለመነችኝ።

ከዚያ በኋላ መልስ ሳይሰጠኝ ደጁን አልረግጥም ብዬ ማልሁ። እህሌን በአህያ ጭኜ ጨፋ ሮቢት ድረስ አስፈጭ ጀመር። መንገዱ ረጅም ነው፤ ቂሜ ይበልጠዋል። ችግሩ አህያዬ ነበረች። የማልሁት እኔ እንጂ እሷ አይደለችም፤ ሙሴ ደጅ ስትደርስ ትቆማለች። ብገፋት፣ ብጎትታት፣ ወይ ፍንክች። ሙሴ ውሃ በባልዲ ይዞ ይወጣል።

«አካም ጅርታ?» ብሎ ደህንነቷን ይጠይቃታል፣ እሷን።

«ለሰውየው ንገሪው» እላታለሁ እኔም፣ «ለምን እንዳደረገው ሲናገር ያን ጊዜ አናግረዋለሁ።»

«ንገሪያት፣ ኦብሲ» ይላታል።

እንዲህ በአህያ አስተርጓሚ ስንት ዓመት አወራን። ሰዓዳ መውለዷን የነገርሁት በአህያዬ ነው። ዓይኑ መፍዘዙን የሰማሁት በአህያዬ ነው። እርግጥ ነው፣ በገበያው ጀርባ ሌላ መንገድ ነበረ፤ እንዲያውም ያቋርጣል። ለምን በዚያ አልሄድሽም የምትሉ ትኖራላችሁ። እዚህ ጠያቂዋ እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ዓይኑ እህልና ዱቄት መለየት ሲያቅተው፣ የወንድሙ ልጅ ከግሪክ መጥቶ ሊወስደው ሆነ። ወፍጮው ተሸጠ። ከተማው ተሰብስቦ ሸኘው፤ ሸህ ይማም ዱዓ አደረጉለት፤ ቄሱ መስቀል አሳለሙት። እኔ ሰው ገፍቼ የመኪናውን መስኮት ያዝሁ። ከስንት ዓመት በኋላ ያለ አህያ ተናገርሁት።

«ሙሴ፣ ለምን?»

የቆምሁበትን በድምፄ ለይቶ ዞረ። «ኦብሲ፣ የሰዓዳ እናት» አለኝ፤ ፉጨቷም አብራ ወጣች።

መኪናው ሄደ። ከተማው መውጫ ድረስ ዓይኔን አልነቀልሁም። ካምቢዮው ይሰበር ይሆናል ብዬ ነው። አልተሰበረም።

ሰው ቶሎ ይረሳል። አዲሱ ባለ ወፍጮ መብራት አስገባ፤ ሞተሩን ለብረት ሸጠው። ማሃላዬም ያኔ አበቃ፤ ሙሴ የሌለበት ደጅ የሙሴ ደጅ አይደለምና መግባት ጀመርሁ። ማርሹ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ የምን እንደሆነ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ክረምት ሲመጣ ከፍታው ላይ ወጣሁና ጨፋን እያየሁ ዓይኔን አጠበብሁ። ላም አልጠፋችብኝም ነበር።

ባለፈው ክረምት ሰዓዳ ከባቲ መጣች፤ ሞባይል ይዛለች። አዲሱ ባለ ወፍጮ የሙሴን የወንድም ልጅ ቁጥር ይዞ ኖሯል። እዚያው ወፍጮ ቤት ግቢ፣ ሴቱ ተሰልፎ ባለበት፣ ተደወለ። ጆሮዬ ደክሟልና ሰዓዳ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አስካለም በምርኩዝ ከፊት ቆማለች።

«ሙሴ! የሰዓዳ እናት ነኝ!»

ሴቱ ሁሉ ወደ ስልኩ ተጠጋ።

«አህያዋ ደህና ናት?» አለ።

«ሞታለች።»

«ኢና ሊላሂ» አለ፣ ግሪክ አገር ተቀምጦ። «ቦርከና ሞልቷል?»

«ሞልቷል። ሜዳው አይታይም።»

«እዚህ ደጄ ላይ ባሕር አለ፤ እውነተኛው። ድምፁን እሰማዋለሁ። ዓይኔ ብዙ አያይም፤ ግን ትንሽ ካጠበብሁት ጨፋ ትመጣለች፤ ከብት ይግጥባታል።»

ዓይኔን ወደ ጨፋ በኩል መለስሁ።

«ወፍጮውን አሰሚኝ» አለ።

ስልኩን ወደ ወፍጮው አስጠጋሁለት። ጥቂት አዳመጠ።

«ይሄ የኔ አይደለም። የኔ ይስል ነበር። ማርሹ አለ?»

«ግድግዳው ላይ ነው።»

«ደግ። መኪናው ነው የቀረው።»

ሰዓዳ ዞራ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ግን እንባ ክስ አይዘጋም የምል ሰው ነኝ።

«ሙሴ፣ ስማኝ። አንተም አርጅተሃል፣ እኔም አርጅቻለሁ፤ ኦብሲ የምትልበት ዕድሜ የለንም። ነጭ ጤፌን ለምን ከሁሉ ኋላ አደረግኸው?»

ሳቀ፤ ፉጨቷ ከነሕይወቷ አለች። «አጠገብሽ ሰው አለ?»

«ማንም የለም» አልሁ። ሃያ ሴት ትንፋሹን ውጦ ቆሟል።

«በዋዜማው የወፍጮውን ድንጋይ በመዶሻ አስወቅሬው ነበር» አለ። «አዲስ የተወቀረ ድንጋይ አሸዋ ይተፋል። ፉርሽካ አሳለፍሁበት፤ አልጠራም። የራሴን ስንዴ ፈጨሁበት፤ አልጠራም፤ ኋላ ጥርሴ የወለቀው በዚያ ዳቦ ነው። ሲነጋ ሰው ተሰልፏል፤ ሁሉም ድግስ አለበት፤ ሂዱ አይባል። ያንቺን ከኋላ አደረግሁት፤ አሸዋው በሌላው ጤፍ ተጠርጎ እስኪያልቅ።»

«ውይ የልጄ ክርስትና!» አለች አስካለ፣ ምርኩዟን መሬት ላይ እየመታች።

«ታዲያ ያን ጊዜ በጆሮዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አልሁት። «ይህን ሁሉ ዓመት!»

«ብነግርሽማ፣ የሰዓዳ እናት» አለ ሙሴ፣ «‹የኔም ከሰው እኩል አሸዋ ይግባበት› ብለሽ ጆንያሽን መልሰሽ ከፊት ታቆሚው ነበር።»